አምባዛ

ታቦር ተራራ ሥር፣ ካያሞ ግቢ ውስጥ አለን አምስት በር፤
አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ የኢንተርኔት መስመር።
ሳጥኑ ከእነሱ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ አናት፣
ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል፣ እንደ ተከበረች እናት፤
አረንጓዴ ዓይኑን እያርገበገበ፣
የገባ የወጣውን እየመዘገበ።

በየወሩ ሁለት መቶ ብር እከፍላለሁ፤
የይለፍ ቃሉ የአከራዬ ስልክ ቁጥር ነው፣ በቃሌ አውቀዋለሁ፤
ዳቦ ቤቱም ያውቀዋል፣ ውሃ ቀጂውም ልጅ፣
ባጃጅ ነጂው ኤርሲዶም፣ የኤርሲዶም ወዳጅ።

ቤቱን የያዝሁ ዕለት፣ ፍራሽ ሳልዘረጋ፣
ገበያ ሮጥሁ መጋረጃ ፍለጋ።
ማንም አልጠየቀኝ፣ "ምን ልትደብቂ ነው?"
ጉሬዛ እንኳ ከዛፉ ወርዶ ጨርቁን አየው፤
ገብቶት መሰለኝ፣ ዞሮ ሄደ።

ግን አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣
ሐይቁ ሲተኛ፣ ጭጭ ሲል ግቢ፣
ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ፣ ስልኬን ደረቴ ላይ፣
አንድ ነገር ጠየቅሁ፣ ለእህቴ የማልነግራት ጉዳይ።
ምን እንደነበረ?
ለእናንተም አልነግርም።
ግጥም ስለጻፍሁ ሆዴን አላከራይም።

ሲነጋ ከቧንቧው ሥር ጀሪካን ሳስሞላ፣
ሌዳሞ፣ የካያሞ ልጅ፣ ጥርሱን እየፋቀ መጣ ከኋላ።
"እንቅልፍ የለሽም እንዴ? ሌሊት ሙሉ በርተሽ
መስመሩን ያስጨነቅሽው አንቺ ነበርሽ?"
ስልኩን አዙሮ አሳየኝ፣ የስም ዝርዝር ተደርድሮ፦
የኤርሲዶ ስልክ፣ የልብስ ሰፊው ቴሌቪዥን፣
የእልፍነሽ ስልክ።
"እልፍነሽ" ብሎ ነበር አባቴ የሰየመኝ፤
ያ ሳጥን ከእልፍ መሐል ለይቶ ጠቆመኝ።
ከስሜ ሥር ሰዓት አለ፤ ዘጠኝ ከሩብ፣ ዘጠኝ ተኩል፣
እንቅልፍ ማጣቴ እንደ ቅርጫ ሲከፋፈል።

"ምነው ደነገጥሽ? ምን የምትደብቂው አለ?"
"አንተስ ሽንት ቤት ስትገባ በር የምትዘጋው
ከውስጥ ሰው ገድለህ ነው?"
ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ጀሪካኔ ግን ሞልቶ እግሬ ላይ ይፈስስ ነበር።

ከሰዓት ደግሞ ስልኬ፣ ፈገግ ባለ ማስታወቂያ፣
የሌሊቱን ጭንቀቴን አወጣብኝ ገበያ።
ሻጩን አላውቀውም፤ እሱ ግን ያውቀኛል፤
ከትራሴ ጀምሮ እግር በእግር ይከተለኛል።

ልጅ ሳለን እኔና እህቴ በወፍ ቋንቋ ስናወራ፣
እናቴን፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ይገባት ነበር ግራ።
ድምፁን ትሰማለች፤ ቃሉ ግን አይደርሳትም።
ያ ዘዴ፣ ለካ፣ ዛሬም አልሞተም።
ስፌት ፋብሪካ አብራኝ ያለች፣ ላምሮት የምትባል፣
አሳየችኝ፦ ቃል ከበር ሳይወጣ ይቋጠራል፣ ሩቅ ደርሶ ይፈታል።
ሌዳሞ ክሩን ያያል እንጂ ጥልፉን አያይም።
"የሚፈታውስ ሰውዬ?" አልኋት። "እሱን ማመን ነው" አለች፤
"ከአከራይ ወደ አከራይ" ብላ፣ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

ቅዳሜ ማታ ተሰበሰብን፣ እኔ በራፍ ላይ፤
ስማችንን ከየስልኩ ፋቅን። ኤርሲዶ ቆሮሶ ሆነ።
የልብስ ሰፊው ቴሌቪዥን፣ ስለሚገዝፍ፣ ጉማሬ።
እኔ አምባዛ ነኝ፤ ጭቃ ውስጥ አድራ ጢሟን ብቻ የምታሳይ።
የይለፍ ቃሉ ያው ነው፤ አከራያችን ቁጥሩን ይወዳል።
ከዚያ ወዲህ ሌዳሞ ዝርዝሩን ሲከፍት ሐይቅ ያያል፤
ውሃው እንደተነቃነቀ ያውቃል፣
ማን እንደሆነ ግን በግምት ይቀራል።

ትናንት ማታ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
አቶ ካያሞ ከሳሎኑ ወጣ።
በሬን በጣቱ ቆረቆረ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣
ወደ ልጁ መስኮት ዞር ዞር እያለ፣ ድምፁ ፈዝዞ፦
"ልጄ፣ እኔንም እንደነሱ ዓሣ አድርጊኝ።"
ስልኩን ዘረጋልኝ፤ ስሙ ከነአያቱ ነበረ የተጻፈው።
ሰባ ዓመት የሞላው ሰው፣ ሌሊት፣ ምን ይፈልጋል?

አልጠየቅሁትም።
"ቢልጫ" ብዬ ጻፍሁለት።
በጨለማው በኩል ሄደ፤
እኔም መጋረጃዬን መለስሁ።